ከጋን ወደ እንስራ

መልካም ነገር የሚበላሸው ሲሠራ ብቻ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲተላለፍም ይበላሻል። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም፤ በየቤታችን ያለው ጠላ ይበቃናል። ምናልባት አንድ ወጣት አንባቢ «ስለ ጠላ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚለው ሰው ወይ ጠላ ሲጠመቅ አላየም፣ ወይ እያየ አላስተዋለም። ይህን ስጽፍ ማንንም ወደ መጠጥ እየጠራሁ አይደለሁም። መጠጣትና አለመጠጣት የየሰው ፈንታ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ድካምና ስለ ፍርድ ነው።

ዲማ በምሥራቅ ጎጃም በእነማይ፣ ከቢቸና አቅራቢያ የምትገኝ አገር ናት። ስሟ የሚጠራው በቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳሟና በቅኔ ትምህርቷ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ዲማ ናት። እንዲህ ያለ ደብር ባለበት አገር ማኅበርና ሰንበቴ አይጠፋም፤ ማኅበር ባለበትም ጠላ አይጠፋም። ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ማኅበር ይጠጣል፤ ሚያዝያ 23 ቀን ሲደርስማ ጋን ያልተጣደበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

የጠላን ድካም የሚያውቀው የጠመቀ ብቻ ነው። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ብቅል እስኪሆን ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል! ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ሲቆይ ኪታው ተጋግሮና ተቆራርሶ ይገባል፤ አሻሮው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይታከላል፤ ይደፈደፋል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ አፉም ይመረጋል። ውሃው ከምንጭ በጀርባ የሚመጣ ነው፤ እንጨቱም እንደዚሁ። ብቅሉን ከማብቀል ጀምሮ ጠላው እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሥራ የሴት ሥራ ነው። ጠላውን ከጋን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ማኅበሩ ወደሚጠጣበት ቤት ማጋዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጎረምሶች ይሰጣል፤ የሚወስደውም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እኔ እንዳየሁት ከሆነ፣ የሁለት ሳምንቱ ድካም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚያ ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ጊዜ በዲማ የሆነውን ልንገራችሁ። የአባቴ እኅት የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነበረችና ተራዋ ሲደርስ ከአንድ ብቅልና ከአንድ ጌሾ ሁለት ጋን ጠላ ጠመቀች። ቤቷ ጠባብ ስለ ነበረ ማኅበሩ በአንድ ጎረቤት ሰፊ ቤት እንዲጠጣ ተወሰነ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሰፈሩ ጎረምሶች መጥተው የአንዱን ጋን ጠላ ወደ ጀሪካንና ወደ ፕላስቲክ በርሚል ገልብጠው ወሰዱ። ሁለተኛው ጋን ለበዓሉ ማግስት ታስቦ እንደ ተመረገ ቀረ። እኔ ከደብረ ማርቆስ የደረስሁት በዋዜማው ስለ ሆነ ሲገለበጥ አላየሁም፤ ጎረምሶቹ ግን ራሳቸው እየሳቁ አወሩልኝ። ጠላውን በትልቅ ጣሳ እየጠለቁ ከትከሻቸው በላይ ከፍ አድርገው ወደ በርሚሉ ሲያንቆረቁሩት እንዴት ያለ አረፋ እንደ ተነሣ፣ የማን አረፋ ከፍ ብሎ እንደ ወጣ ይፎካከሩ ነበር። በርሚሉንም አየሁት፤ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቶ፣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ ተጥሎበት፣ ከምድጃው አጠገብ ቆሟል። ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ደስ ብሏቸው፣ ያለ ዋጋ፣ ለጎረቤት ሲሉ የሠሩት ሥራ ነው።

በበዓሉ ቀን ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ አሳላፊው መቅዳት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ዋንጫቸውን ከፊታቸው አስቀመጡት። ሁለተኛውም እንዲሁ አደረጉ። በመጨረሻ የማኅበሩ ሙሴ፦

«እኅቴ፣ የዘንድሮው ጠላሽ ምን ነካው? ኮመጠጠብን እኮ፤ ጌሾ አሳነስሽ መሰለኝ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ዐዋቂ ሆነ። አንዱ ብቅሉ ክፉ ነበር አለ፤ ሌላው ጋኑ አልታጠነም አለ፤ ከወደ ጓዳ ደግሞ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጥቂት ቀን በፊት እሳት ልትጭር ወደ ቤቱ የገባችን አንዲት ድኻ ጎረቤት በስም ጠርታ፣ «ዐይኗ ነው» ስትል ሰማሁ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ዝም አለች። ማኅበር የማያውቅ አንባቢ ይህን ነገር ትንሽ አድርጎ እንዳያየው እለምነዋለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ በሚደርስ ተራ ላይ የተዋረደች ሴት ውርደቷን እስከሚመጣው ተራዋ ድረስ ይዛው ትኖራለች፤ ቤቷ የገባውም እህል ከልጆቿ አፍ የተቀነሰ ነው።

ያዳናት ልጅዋ ናት። ሳትጠየቅ ወደ ቤት ሄዳ ሁለተኛውን ጋን ከፈተችና በማሰሮ ቀድታ አመጣች። «አባቶቼ፣ ይህም ያው ጠላ ነው፤ ከአንድ ጥንስስ የወጣ ነው፤ ይቅመሱት» ብላ አቀረበች። ሙሴው ቀመሱት። ጠላው የጠራ፣ ጌሾው ምላስ የሚይዝ፣ የወይራው ጭስ ከአፍንጫ የማይጠፋ ነበር። ሙሴው የሚመሰገኑበት ነገር ቢኖር ወዲያው መነሣታቸው ነው፤ «ፍርዳችን ተሳስቷል፤ እኅታችን ደኅና አድርጋ ጠምቃለች» ብለው በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ይሁን እንጂ በጓዳ የተነሣው የዐይን ነገር እንዲህ በቀላሉ አልተመለሰም። ያች ድኻ ጎረቤት ለብዙ ጊዜ እሳት የምትጭርበት ቤት አጥታ ነበር።

እንግዲህ ከአንድ እህል የወጡትን ሁለቱን ጋኖች የለያቸው ምንድን ነው? አየር ነው። ጠላ በሚፈላበት ጊዜ እርሾው የእህሉን ስኳር እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድና ያለማቋረጥ ስለሚወጣ በጋኑ ውስጥ ያለውን አየር እየገፋ ያስወጣዋል። ስለዚህ እየፈላ ያለ ጋን ራሱን በራሱ ይጠብቃል ማለት ነው። ፍላቱ ጋብ ሲል ግን ጠባቂው ይደክማል። በዚያን ጊዜ ጠላውን ከከፍታ ያንቆረቆሩት እንደ ሆነ፣ የተነሣው አረፋ ሁሉ በውስጡ አየር ይዞ ይገባል፤ ጎረምሶቹ ያስደሰታቸው አረፋ የጥፋቱ መንገድ ነበር። አየሩ ብቻውን የጠላውን መዓዛ ያደበዝዘዋል፤ ጣዕሙን እንደ ረጠበ ወረቀት ያደርገዋል። ከዚህም የባሰ አለ። ባልጸዳ ዕቃ ላይ የሚኖሩ፣ ትንንሽ ዝንቦችም በእግራቸው ይዘዋቸው የሚዞሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነዚህም ኦክስጅን ሲያገኙ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ፣ ማለት በገበያ አቸቶ ወደምንለው ይለውጡታል። ኦክስጅን ካላገኙ ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። በእርግጥ ጠላ ሁሉ ከመጀመሪያው ጥቂት ኮምጠጥ ይላል፤ ያ ግን ያለ አየር የሚመጣ፣ እንደ እርጎ ያለ ለስላሳ ኮምጣጣነት ነው። አፍንጫ የሚወጋው የሆምጣጤ ሽታ ከዚያ የተለየ ነው፤ አንድ ጊዜ ያሸተተው አይሳሳተውም።

ኦክስጅን የሚለውን ስም ያወጣው ላቮአዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ከግሪክ ቃል ወስዶ ሲሰይመው ትርጉሙ «ኮምጣጣን የሚወልድ» ማለት ነበር። አሲድ ሁሉ ኦክስጅን ያለበት መስሎት ነው፤ በኋላ ግን ኦክስጅን የሌለባቸው አሲዶች መኖራቸው ታወቀ። በጠላ በኩል ከታየ ግን ስሙ በትክክል ወጥቶለታል። ከእርሱም በኋላ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ ወይን ጠጅ፣ በ1868 ስለ ሆምጣጤ፣ በ1876 ደግሞ ስለ ቢራ መጻሕፍት አሳተመ። ወይን ጠጅ ወደ ሆምጣጤ ሲለወጥ በላዩ የሚታየው ስስ ሽፋን ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ አየርም ሳያገኝ ሥራውን እንደማይሠራ ያስረዳ እርሱ ነው። እንግዲህ ወይን ጠጅ ነጋዴውን ያስጨነቀው ነገርና በዲማ አክስቴን ያሳፈራት ነገር አንድ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ እመለሳለሁ። የትምህርት ቤት ልጅ ስለ ኦክስጅን ተጠይቆ መቶ ከመቶ ያገኛል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የእናቱን ጀሪካን ቀድቶ ሳይከድነው ይሄዳል። አያቱ ደግሞ የኦክስጅንን ስም ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን «አፉን ግጠሚው፣ ነፋስ እንዳይገባው» እያለች ስታዝ ኖራለች። ከሁለቱ ማነኛው ነው ዐዋቂ? ብዙ ሰው ለአያቲቱ ይፈርዳል፤ እኔም ለመፍረድ እቃጣለሁ። ነገር ግን ያችው አያት ጠላው ኮምጥጦ ስታገኘው ምክንያቱን ስለማታውቅ ወደ ጎረቤቷ ዐይን ትሄዳለች። ልማድ እጅን ያቀናል፤ ፍርድን ግን አያቀናም። የጠላውን አፍ መግጠም አያቲቱ ታውቅበታለች፤ ያችን ድኻ ሴት ከሐሜት ማዳን የሚችለው ግን ነገሩ ለምን እንደ ሆነ የተማረው ልጅ ነው። በዚያች ቀን በዚያ ቤት ዐሥረኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ተቀምጠው ነበር፤ አንዱም አልተናገረም።

ይህን ካልሁ ዘንድ መገልበጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ እንዴት እንደሚደረግ ልጻፍ። በመጀመሪያ ጊዜውን መምረጥ ነው። ጠላው ገና ጥቂት ጥቂት እየፈላ ሳለ ቢገለበጥ፣ በሕይወት ያለው እርሾ የገባውን ጥቂት አየር ራሱ ይወስደዋል፤ አዲስ የሚወጣውም ጋዝ የቀረውን ይገፋዋል። ፈጽሞ ከረጋ በኋላ የተገለበጠ ጠላ ግን የሚያግዘው የለም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ መጀመሪያ በሚጠነሰስበት ጊዜ አየር ጠላት አይደለም። እርሾው ለመራባት ጥቂት ኦክስጅን ይፈልጋልና ጥንስሱን ማማሰል ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ያው አየር በመጀመሪያው ሳምንት ወዳጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሌባ ይሆናል። አንዳንድ ጠማቂ ጥንስሱን ስታማስል የለመደ እጅዋ የደረሰውንም ጠላ በማማሰያ ይመታዋል፤ ይህ መተው አለበት።

የሚቀበለው ዕቃ ታጥቦና ታጥኖ ይዘጋጅ። አንዳንድ ሰው የወይራው ጭስ ራሱ አየሩን አስወጥቶ ጠላውን የሚጠብቀው ይመስለዋል። ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ መዓዛም ይሰጣል፤ ነገር ግን ጭሱ ሲወጣ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ታጥኗል ብሎ አፉን ከፍቶ መተው አይገባም። በጣሳ መጥለቅ ግድ ከሆነ ጣሳውን ከሚቀበለው ዕቃ አፍ ጋር አስነክቶ፣ ዕቃውንም ዘንበል አድርጎ፣ ጠላው በጎኑ ተንሸራቶ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ድምፅ ከተሰማ፣ ማለት ጠላው እየተንቦጨቦጨ ከወረደ፣ አየር እየገባ መሆኑን ጆሮ ይነግራል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ቱቦ ነው። የጣት ውፍረት ያለው ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ በየሱቁ ይገኛል። ጋኑ በመደብ ላይ ይሁን፤ እንስራው በወለሉ ላይ ይቀመጥ። ቱቦውን በአፍ መሳብ አይገባም፤ በአፋችንም ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ አለና። ይልቅስ ቱቦውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በጣት መያዝ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ጋኑ ማስገባት፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ውሃውን በሌላ ዕቃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ሲወርድ ጠላውን ተከትሎት ይመጣል። ጠላው መምጣት ሲጀምር ጫፉን እስከ እንስራው ታች ድረስ ማውረድ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ከሆነ ጠላው ከላይ አይወድቅም፣ ከታች ወደ ላይ እየሞላ አየሩን ቀስ እያለ ይገፋዋል። በጋኑ ውስጥ ያለው ጫፍ እስከ አተላው እንዳይወርድ፣ ከጠላውም ፊት በላይ እንዳይወጣ አንድ ሰው ይጠብቀው፤ ወደ ላይ ከወጣ አየር ይስባል። ይህን ለጎረምሶች ባሳየኋቸው ጊዜ መጀመሪያ «የቤንዚን ሥራ» ብለው ሳቁብኝ፤ ኋላ ግን ጣሳውን የሚያነሣ ጠፋ።

ቀጥሎ የዕቃው ነገር ነው። አፈ ሰፊ በርሚል ለውሃ ይሁን እንጂ ለጠላ አይሁን። የበርሚሉ አፍ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የእንስራው አንገት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠላው እስከ አንገቱ ከተሞላ፣ በበርሚሉ በኩል አየር የሚነካው የጠላ ፊት 25 እጥፍ ይሰፋል፤ የማያምን ተማሪ ራሱ ያስላው። አሮጌ የዛገ የብረት በርሚል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብረት በአየር የሚመጣውን ጥፋት ያፋጥነዋልና። ዕቃው ምንም ይሁን ምን ግን ግማሽ አድርጎ መተው አይገባም፤ አንድ ትልቅ ግማሽ ዕቃ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ሙሉ ዕቃ መያዝ ይሻላል። ለስላሳ ጀሪካን ከሆነና ካልሞላ፣ ጠላው እስከ አፉ እስኪወጣ ድረስ ጎኑን ጨምቆ እንደ ተጨመቀ መክደን ይቻላል።

ቢራ ፋብሪካዎችም የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ስሙ ከዲማው ደብር ጋር መገጣጠሙ ያስፈግገኛል። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ጠርሙሱ ከመሞላቱ በፊት አየሩ ተስቦ እንዲወጣና በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲተካ ይደረጋል። እነርሱ በመኪና የሚያደርጉትን አንዲት ሴት በቱቦና በጥንቃቄ ለማድረግ ትችላለች፤ ፍጹም ባይሆንም ጠላዋ ለሁለትና ለሦስት ቀን ጨምሮ ይቆይላታል።

ሁለት ሦስት ቀን ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር በደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ የሚታይባቸውን ቤቶች ይመልከት። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይም ጥለዋቸው የሄዱ ብዙ ሴቶች ከአንድ ጋን ጠላ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተርና የነገ ብቅል መግዣ ያወጣሉ። ጋኑ ሐሙስ ተከፍቶ እስከ እሑድ ካልቆየ፣ የቀረው ለማንም አይሆንም፤ ሆምጣጤ የሆነ አልኮል ወደ ኋላ አይመለስምና። አንዳንዷ ስኳር ጨምራ ልትሸፋፍነው ትሞክራለች፤ ጠጪው በአንድ ጉንጭ ያውቀዋል፤ ሁለተኛም ወደዚያ ቤት አይመጣም። ዛሬ በቢሮና በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጥነው ውስጥ ስንቱ በጠላ ገንዘብ እንዳደገ ሁሉም የየራሱን ያውቃል፤ ለመናገር ግን ብዙዎቻችን እናፍራለን። የጋኑን ነገር የማያፍር ልጅ ግን በእረፍቱ ቀን ቱቦውን ይዞ ከእናቱ ጎን ይቆማል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም አፉን መምረግ ነው። ገና በኃይል እየፈላ ያለውን ዕቃ ፈጽሞ መድፈን ያስፈነዳል፤ ጋዙ የሚወጣበት እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነገር ይተውለት፤ የጀሪካንም ክዳን ጥቂት ይላላ። ፍላቱ ጋብ ሲል ግን ቀዳዳው ይደፈን። ጭቃው ወይም እበቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለዐይን ባይታይ እንኳ ለአየር ይበቃዋል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እጅን በውሃ ነክሮ በመረጉ ላይ ማሳለፍ፣ የተሰነጠቀ ቢገኝ በአዲስ ጭቃ ማሸት ነው። አክስቴ አሁን ይህን ሥራ ለራሷ ትታዋለች፤ ጎረምሶቹ የሚጠሩት ለመሸከም ብቻ ነው።